ሁለት ጣት የረዘመ መለኪያ

ጡረታ ልወጣ ሁለት ወር ሲቀረኝ አንድ አዲስ መኪና ቢቸና ወዳለው ጋራዣችን መጣ። ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው፤ ሾፌሩ ፍሪሲዮን አይረግጥም፣ ማርሽ አይቀይርም፣ መኪናው ራሱ ይቀይራል። ሾፌሩ "የካምቢዮውን ዘይት እይልኝ" አለኝ። ኮፈኑን ከፍቼ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ፈለግሁ። የሞተሩ አለ፤ የካምቢዮው የለም። መነጽሬን አድርጌ እንደገና ፈለግሁ፣ ከሥሩም ገብቼ አየሁ። ኋላ ከመኪናው ጋር የመጣውን መጽሐፍ ስናገላብጥ ፋብሪካው መለኪያ ጭራሹኑ እንዳልሠራለት ተረዳን። የዘይቱ መጠን የሚታወቀው ሙቀቱ በኮምፒውተር ተነብቦ፣ ከሥር አንድ ቡሎን ተፈትቶ ነው። እኛ ኮምፒውተሩ ስላልነበረን መኪናው ወደ ባሕር ዳር ተላከ።

ቅር አላለኝም። ዘንጉን ያስቀረው መሐንዲስ ምክንያት እንደነበረው ይገባኛል።

የመሸኛዬ ዕለት ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝና "በዚህ ሁሉ ዓመት ከሠራኸው የከበደህ የትኛው ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ክረምት ላይ ወንዝ ውስጥ ሰምጦ ስለቀረ ትራክተር አወራኋቸው። በሬ ጠምደን እንዴት እንዳወጣነው፣ ከበሬዎቹ አንዱ እንዴት እንደተቆጣ ነገርኋቸው፤ ሳቁ። እውነተኛው መልስ ግን ትራክተሩ አልነበረም። እዚህ የምጽፈው ያን ዕለት ያልመለስሁትን ነው።

ሙያውን የተማርሁት ወታደር ቤት ነው። መንግሥት ሲለወጥ ጦሩ ተበተነ፤ እኔም አንድ ብርድ ልብስና አንድ ጥቅል የመፍቻ ቁልፍ ይዤ ወደ አገሬ ተመለስሁ። ጥቂት ወራት ከወንድሜ ጋር ሳርስ ከቆየሁ በኋላ ቢቸና ያለ አንድ የመሥሪያ ቤት ጋራዥ መካኒክ እንደሚፈልግ ሰማሁና ሄድሁ። ጋራዡ የቆርቆሮ ጣሪያና መኪና ከሥሩ የሚታይባቸው ሁለት ጉድጓዶች ያሉት፣ ግድግዳው ግማሽ ድረስ በዘይት የጠቆረ ቤት ነበር።

የፈተኑኝ የጋራዡ ኃላፊ ጋሽ ቦጋለ ናቸው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ነበር፤ ኋላ ትምህርቱን ትተው በመንገድ ሥራ ካምፕ መካኒክ ሆኑ። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ቱታቸው ሁልጊዜ የታጠበ ሰው ነበሩ። አንድ የጭነት መኪና አሳዩኝና "የሞተሩን ዘይት ለካና ንገረኝ" አሉ።

መለኪያውን ስቤ፣ ጠርጌ፣ መልሼ ከትቼ አወጣሁና "ትንሽ ጎድሏል" አልኋቸው።

"የፊት ጎማው ምን ላይ ነው የቆመው?"

ዞር ብዬ አየሁ። የግራው የፊት ጎማ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ወጥቷል፤ መኪናው ወደ ኋላ ዘንበል ብሏል። ድንጋዩን ያስገቡት ራሳቸው ናቸው።

"አላየሁም ነበር" አልሁ።

"መለኪያውን ከማንበብህ በፊት መሬቱን አንብብ" አሉኝና ሰኞ ሥራ እንድጀምር ነገሩኝ። ደመወዙ ለመኖር ይበቃል፤ ለመደሰት ግን አይበቃም ነበር። ከዚህ በላይ ስለ እሱ የምለው የለኝም።

ከእሳቸው ጋር ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ። ብዙ አይናገሩም፤ ያስተማሩኝ በልማዳቸው ነው። ዘይት የሚያዩበት ጨርቅ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ፣ ብናኝ እስከማይተው ድረስ የታጠበ ነጭ ጨርቅ ነበር፤ በኪሳቸው በወረቀት ጠቅልለው ይይዙታል። ጥጥ የሚለቅ ጨርቅ ካዩ ይቆጣሉ፤ አንዲት ክር ካምቢዮ ውስጥ ከገባች ቀጭኗን የዘይት መንገድ ትዘጋለች ይላሉ። ሞተር እየሠራ አያወሩም፤ የሚያወራ ሰው ካለም ቁልፉን አጥፍተው እስኪጨርስ ይጠብቁታል። ጠግነው የጨረሱትን መኪና ራሳቸው ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ነድተው ሳይመለሱ "አልቋል" አይሉም። ከመንዳታቸው በፊት ደግሞ እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ፤ መሪው የሾፌሩ ነው፣ የእኛን ቆሻሻ ምን አድርጎ ይሸከማል ይሉ ነበር።

አውቶማቲክ ካምቢዮን ያወቅሁት በእሳቸው ነው። በዚያን ጊዜ በአካባቢያችን እንዲህ ያለ መኪና ከሁለት አይበልጥም። የሞተር ዘይት የሚለካው ሞተሩ ጠፍቶ፣ ዘይቱ ወደ ታች ከወረደ በኋላ ነው። የአብዛኛው አውቶማቲክ ካምቢዮ ግን ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ መኪናው ግማሽ ሰዓት ያህል ተነድቶ ዘይቱ ይሙቅ፤ የጋለ ዘይት ይሰፋልና ሲቀዘቅዝ የምታየው ሌላ ነው። ሜዳ መሬት ላይ ይቁም። የእጅ ፍሬን ይያዝ። ሞተሩ ሳይጠፋ፣ አንድ ሰው ፍሬን ረግጦ የማርሹን ዘንግ በየቦታው እያሳረፈ ያዙረውና ወደ ማቆሚያው ይመልሰው፤ ያኔ ዘይቱ ያሉትን መንገዶች ሁሉ ይሞላል። ከዚያ ነው መለኪያው የሚሳበው፣ የሚጠረገው፣ እስከ መጨረሻው ተከትቶ እንደገና የሚሳበው። ሁለት ጊዜ ይነበባል። ሁለቱ ካልተስማሙ ሦስተኛ።

ጋሽ ቦጋለ ሌላ ልማድም ነበራቸው። ጠብታዋን በነጩ ጨርቅ ላይ አሳርፈው ወደ ፀሐይ ያነሷታል፤ ከዚያ ያሸቷታል። ቀይ ከሆነች ደኅና ናት። ቡናማ ከሆነች አርጅታለች። ጠቁራ የተቃጠለ ሽታ ካላት፣ ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሳህኖች እየነደዱ ነው።

"ካነሰ ምን ይሆናል?" ብዬ ጠየቅኋቸው አንድ ቀን።

"ፓምፑ አየር ይስባል። ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይሄድም። ሲንሸራተት ይግላል፣ ሲግል ይነዳል።"

"ከበዛስ?"

"ይናጣል፤ አረፋ ይሆናል። አረፋም አየር ነው። ሁለቱም መጨረሻቸው አንድ ነው።"

አዲስ መለኪያ ሲመጣም አያምኑትም ነበር። ከአሮጌው ጋር አጋጥመው ያስተያያሉ፤ አሮጌው ከሌለ መጽሐፉ የሚለውን ዘይት በሊትር ቆጥረው ሞልተው፣ አዲሱ ዘንግ ያን ያህል ይል እንደሆነ ይፈትኑታል። "ልክ ራሱ ካልተለካ ልክ አይባልም" ይሉኝ ነበር። ቅኔ ቤት የተማረ ሰው አነጋገር ነው፤ እኔም ለንግግሩ ማማር ብዬ ይዤው ኖርሁ።

እሳቸው ጡረታ በወጡበት ዓመት እኔ ሞጣ ባለው ቅርንጫፍ ጋራዥ ኃላፊ ሆኜ ተዛወርሁ። የኢትዮጵያ ሚሌኒየም ሊከበር ጥቂት ዓመታት የቀሩበት ጊዜ ነው። ከአንድ ረዳት መካኒክና ከአንድ ዘበኛ ጋር ብዙውን ሥራ የምሠራው እኔው ነበርሁ። የሌሎች መሥሪያ ቤቶችን መኪናዎችም በውል እንጠግናለን። ከእነዚህ አንዱ በእርዳታ የመጣ አምቡላንስ ነበር። ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው፤ በዚያ ወረዳ ብቸኛው።

ሾፌሩ እንድሪስ ይባላል። አባቱ ሞጣ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጡ የታወቁ ነጋዴ ናቸው፤ እሱ ሱቁን ለወንድሞቹ ትቶ መኪና መረጠ። ከእኔ ሦስት አራት ዓመት ያንሳል። ከሞጣ ባሕር ዳር ያለውን የጠጠር መንገድ ጉድጓድ በጉድጓድ ያውቀዋል፤ ታማሚ ጭኖ ሲሄድ የትኛው ድንጋይ ላይ ማርገብ እንዳለበት፣ የትኛው ኩርባ ላይ አቧራው እንደሚበዛ ይነግርሃል። ዘይትና ውሃ ሳያይ ጠዋት አይነሳም። ጋራዥ ሲመጣ ከጎኔ ቆሞ ያያል እንጂ ሻይ ቤት አይሄድም። በዚህም እወደው ነበር።

አንድ ቀን ከገጠር ሲመለስ የካምቢዮው መለኪያ በመንገዱ መንገጫገጭ ተነቅሎ ወድቆ ጠፋበት። ቱቦውን አቧራ እንዳይገባው በንጹሕ ጨርቅ ወትፎ ወዲያው መጣ።

"ዘይቱ ሙሉ ነው" አለኝ። "ዛሬ ጠዋት አይቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም።"

ባሕር ዳር ለሚሄድ ሰው የመኪናውን ዓይነት ጽፌ ሰጠሁት። በሳምንቱ አዲስ መለኪያ ይዞልኝ መጣ፤ ሻጩ የዚሁ መኪና ነው ብሎታል። እጀታው ያው ቀለም ነው፤ ቱቦው ውስጥ ሲገባም ልክ ብሎ ይቀመጣል።

ዕለቱ የገበያ ቀን ነበር። የአምቡላንሱ ባለቤት የሆነው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ራሳቸው መጥተው በር ላይ ቆመዋል። "ሌላ መኪና የለንም፤ እባክህ ቶሎ በል" አሉኝ። የጋሽ ቦጋለን ልማድ አንድም ሳላጎድል አደረግሁ፤ ቢያንስ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። መኪናው ሙቅ ነው፣ መሬቱ ሜዳ ነው፣ እንድሪስ ማርሹን በየቦታው አሳርፎ መለሰ። መለኪያውን ስቤ፣ ጠርጌ፣ ከትቼ ሳወጣው ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ሁለት ጣት አልፎ ወጣ። እንደገና አየሁ፤ ያው ነው።

"በዝቷል" አልሁ።

"ከየት ይበዛል?" አለኝ እንድሪስ። "ማንም አልጨመረበትም። መኪናው ሲሄድም ደኅና ነው።"

"መለኪያው የሚለውን ነው የማየው።"

"እኔ ደግሞ መኪናው የሚለውን ነው የምሰማው" አለ፤ ግን በክርክር መንፈስ አልነበረም። ኮፈኑን ደገፍ ብሎ "አንተ ካልህ" አለኝ።

ቀጭን ጎማ በቱቦው አስገብቼ ሁለት ሊትር ያህል ዘይት ቀዳሁ። ቀይ፣ ጥሩ ዘይት ነበር፤ በፕላስቲክ ጀሪካን አጠራቀምሁት። መለኪያው ላይኛው ምልክት ላይ ሲደርስልኝ ኮፈኑን ዘጋሁ፣ የጥገናው ወረቀት ላይ ፈረምሁ። ኃላፊው አመስግነው ሄዱ።

በማግስቱ ከቀትር በፊት አትጠገብ የምትባል ሴት ከገጠር ቀበሌ በቃሬዛ ሞጣ ደረሰች። ምጥ ከያዛት አንድ ቀን ከነሌሊቱ አልፏል። ልጁ ተጋድሟልና ባሕር ዳር ሄዳ ኦፕራሲዮን መሆን አለባት ተባለ። ባሏ አቶ ዘለቀና አንዲት ነርስ አብረዋት ተሳፈሩ። እንድሪስ ነዳ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረኝ እንድሪስ ነው። ሜዳውን ደኅና ሄዱ። ወንዙን ተሻግረው ረጅሙን ዳገት ሲጀምሩ ሞተሩ መጮህ ጀመረ፤ መኪናው ግን አይስብም። ነዳጅ ሲሰጠው ይጮሃል እንጂ አይሄድም። አቆመ፣ አቀዘቀዘው፣ ትንሽ ሄደ። እንደገና አቆመ። የተቃጠለ ሽታ ወደ ውስጥ ገባ። ሦስተኛው ላይ መኪናው ከነአካቴው ቆመ፤ ከሥሩም ጭስ ወጣ። ስልክ በዚያ አካባቢ ገና አልተዘረጋም። ዳገቱ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆዩ። አትጠገብ መጮኽ ስታቆም ነው ይበልጥ የፈራሁት አለኝ እንድሪስ። በመጨረሻ ጤፍ የጫነ የጭነት መኪና ደረሰ። ከጆንያዎቹ ጥቂቱን አውርደው ቃሬዛዋን በላይ አደረጉ። እንድሪስ አምቡላንሱን መንገድ ላይ ጥሎ አብሮ ወጣ፤ ባሏ በአንድ ወገን እሱ በሌላው ሆነው ቃሬዛው እንዳይንሸራተት ይዘው ባሕር ዳር ገቡ።

እሷ ተረፈች። ልጁ ሞቶ ተወለደ።

አምቡላንሱ ተጎትቶ እኔ ዘንድ መጣ። የካምቢዮውን ዘይት ሳወርደው እንደ ሬንጅ ጠቁሯል፤ ሽታው ጋራዡን ሞላው። ፈትቼ አየሁት፤ ሳህኖቹ ነድደው ብረታቸው ቀርቷል። የትም ቦታ ዘይት አላፈሰሰም። ያኔ ዓይኔ ወደ መለኪያው ሄደ። ሰዎቹ ምሳ ሲወጡ ብቻዬን ቀረሁ። የካምቢዮውን የዘይት ገንዳ ከነቱቦው ጠረጴዛ ላይ አቆምሁና መለኪያውን እስከ መጨረሻው ከተትሁት። ጫፉ የገንዳውን ወለል ሊነካ የቀረው የጥፍር ያህል ነው። ከመጽሐፉ ሥዕል ጋር አስተያየሁት፤ በሥዕሉ ጫፉ ከወለሉ በጣም ርቆ ነው የሚቆም። በሴንቲሜትር ለካሁት። የገዛሁት ዘንግ ከሚገባው ሁለት ጣት ይረዝማል። ስለሚረዝም ዘይቱ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፤ ጠልቆ ስለሚገባ ልክ የሆነውን ዘይት በዝቷል ይላል። እኔም እሱን አምኜ ጥሩውን ዘይት በእጄ ቀድቼ አወጣሁት።

ጀሪካኑ ጥግ ላይ እንደተቀመጠ ነው። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ ሰዎቹ ከምሳ እስኪመለሱ ድረስ አየሁት።

የአምቡላንሱ መሥሪያ ቤት አጣሪ ኮሚቴ አቆመ። እኔን የጠየቁኝ የቴክኒክ አስተያየት በጽሑፍ ነው። "ካምቢዮው የተቃጠለው ዘይት በማነሱ ነው" ብዬ ጻፍሁ። አንድም ቃል ውሸት የለበትም። ኮሚቴው ግን ዘይት በየቀኑ ማየት የሾፌሩ ግዴታ ነው፤ ሲጮህበትም እያቆመ መንዳቱ ጥፋት ነው ብሎ ወሰነ። እንድሪስ ከሥራ ታገደ። ከዚያም ከተማው ውስጥ "ሴትየዋን መንገድ ላይ የጣላት" የሚል ስም ወጣለት። አባቱ ወደ ሱቃቸው ሲገቡ ደንበኞቹ ወሬ ያቋርጡ እንደነበር ሰዎች ነገሩኝ።

እሱ ከታገደ በኋላ አራት ቀን ዝም አልሁ። ለራሴ የማልነግረው ምክንያት አልነበረም፤ አራት ልጆች አሉኝ፣ ሻጩ ነው የተሳሳተው፣ የሴትየዋ ልጅ ቀድሞም ደክሞ ይሆናል። አምስተኛው ቀን እሑድ ነበር። አውቶቡስ ተሳፍሬ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ቢቸና፣ ጋሽ ቦጋለ ዘንድ ሄድሁ። ግቢያቸው ውስጥ ጌሾ እየኮተኮቱ አገኘኋቸው። ዘንጉን በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። አወጣሁና ሁሉንም ነገርኋቸው።

ዘንጉን ተቀብለው አገላበጡት፤ ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

"ባዶ ካምቢዮ ላይ ሞክረኸው ነበር?"

"አልሞከርሁም።"

"ለምን?"

"ኃላፊው ቆመውብኝ ነበር። ገበያ ነበር። ቱቦው ውስጥም ልክ ብሎ ተቀመጠ።"

"ሾፌሩ ምን አለህ?"

"ማንም አልነካውም አለኝ።"

ዘንጉን መለሱልኝ። "ወረቀቱ ላይ የጻፍኸው ውሸት አለበት?"

"የለበትም።"

"የጎደለስ?"

ዘንጉን በጋዜጣው መልሼ ጠቀለልሁ። እሳቸውም ትንሽ ኮተኮቱ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ "እንግዲያ እኔ ዘንድ ምን ልትሠራ መጣህ? ጽሕፈት ቤቱ ያለው ሞጣ ነው" አሉኝ።

ልሄድ ስነሳ እስከ በሩ ሸኙኝ። "አራት ቀን ቆየሁ ነው ያልኸው?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"እኔ ብሆን ከዚያ በላይ የምቆይ ይመስለኛል" አሉ። ሊያጽናኑኝ ብለው እንደሆነ ወይም እውነታቸውን እንደሆነ አላወቅሁም።

ሰኞ ጠዋት ዘንጉንና ጀሪካኑን ይዤ የአምቡላንሱ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁ። እንዴት እንደሆነ አስረዳኋቸው።

"ይህን ማንም አልጠየቀህም" አሉኝ።

"አዎ፣ አልተጠየቅሁም።"

"አሁን እኮ ፋይሉ ተዘግቷል። ሾፌር በቀላሉ ይገኛል፤ አውቶማቲክ የሚያውቅ መካኒክ ግን ከየት አመጣለሁ?"

"እንድሪስ ጥፋት የለበትም። ሁለተኛ ጽሑፌን ይዤ መጥቻለሁ፤ ተቀብለው ይፈርሙልኝ።"

ፈረሙ። እንድሪስ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ በራሴ መሥሪያ ቤት በዲሲፕሊን ተቀጣሁ፤ ከኃላፊነት ወርጄ ተራ መካኒክ ሆኜ ወደ ቢቸና ተመለስሁ። ቅጣቱ አልበዛም።

ከመሄዴ በፊት እንድሪስን ቤቱ ሄጄ አገኘሁት። በሩ ላይ ቆሞ ሰማኝ፤ ግባ አላለኝም። ይቅርታ ስለው "ነግሬህ ነበር" አለ፤ ድምፁን አላነሳም። "ስትፈርምም አጠገብህ ቆሜ ነበር።" ከዚያ ወደ ውስጥ ገባ።

ወደ አትጠገብ ቤትም ሄድሁ። ከሞጣ በእግር ሦስት ሰዓት ይሆናል። አቶ ዘለቀ ማን እንደሆንሁ ሳያውቁ መደቡ ላይ አነጠፉልኝ። ማን እንደሆንሁ ስነግራቸው ተነሥተው ወጡ። አትጠገብ ጋቢ ለብሳ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ አላየችኝም። ልነሳ ስል እሳቸው ተመለሱና ቁጭ አሉ።

"ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ" አሉኝ። "መኪናው ባይቆም ልጁ ይተርፍ ነበር ወይ አልሁት። አላውቅም አለኝ። ቀድሞም ታፍኖ ሊሆን ይችላል አለኝ። እርስዎም አያውቁም። እኔም አላውቅም። እንግዲህ ሳናውቀው እንኖራለን።"

አትጠገብ በዚህ ጊዜ ቀና አለች።

"ያ ሾፌር ተመለሰ?"

"ተመልሷል።"

"ደኅና" አለች። "እሱ እጁ እስኪላጥ ቃሬዛውን ይዞ ነው የሄደ። በእሱ አሳበቡ ሲሉኝ ከፍቶኝ ነበር።" ወደ በሩ አየት አድርጋ "ይሂዱ እንግዲህ፤ ይመሽብዎታል" አለችኝ።

ይቅር በሉኝ አላልኋቸውም። እነሱም አላሉኝም። መንገዱን ሁሉ እግሬ ከባድ ነበር፤ ያን ዓይነት ክብደት ከዚያ በፊት አላውቀውም።

በቢቸና ሥራዬን ቀጠልሁ። ዘይት የሚለካ አዲስ ዘንግ ሲገባ፣ የሞተርም ይሁን የካምቢዮ፣ ከመጽሐፉ ጋር ሳላስተያይ፣ ዘይቱን በሊትር ቆጥሬ ሳልሞላና ዘንጉን በዚያ ሳልፈትን መኪና አላስወጣም። የሚረዝም ሲያጋጥመኝ ትክክለኛውን ቦታ በሞረድ ጠርቤ ምልክት አደርግበታለሁ፤ የፋብሪካውን ምልክት ደግሞ ማንም እንዳይሳሳትበት እፍቀዋለሁ። አንዳንድ ሾፌር ይህን ሁሉ ሲያይ "አንተ ሰው፣ መለኪያ ነው ወይስ ታቦት?" እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ሾፌር "ማንም አልነካውም" ሲለኝ ግን ቁልፉን አጥፍቼ እሰማዋለሁ። ጋሽ ቦጋለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረፉ። ቀብራቸው ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ግማሹ ሾፌር ነበር።

እንድሪስ ለሁለት ዓመት ያህል ቢቸናን ሲያልፍ ሰላም አላለኝም። ታማሚ ጭኖ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲወርድ አምቡላንሱን በጋራዡ በር ሲያልፍ አየዋለሁ፤ ዓይኑን ከመንገዱ አያነሳም። አልፈርድበትም።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት አምቡላንሱ ወደ ጋራዡ ታጠፈ። ካምቢዮው በአዲስ ተተክቷል፤ መለኪያውም የራሱ ነው። እንድሪስ ወርዶ ኮፈኑን ራሱ ከፈተው።

"የካምቢዮውን ዘይት እይልኝ" አለኝ።

ከሞጣ ቢቸና ድረስ በዚያ መንገድ የመጣው ለዚህ ነው። ወደ ኋላው ክፍል ተመለከትሁ፤ ታማሚ የለበትም።

"ሞጣ ያለው አዲሱ መካኒክ ጎበዝ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ" አልሁት።

"ጎበዝ ነው" አለ። "ግን ገና ተሳስቶ አያውቅም።"

እጄን ታጠብሁና ጨርቅ አመጣሁ። እሱ መሪው ላይ ተቀመጠ፣ ፍሬኑን ረገጠ፣ ማርሹን እኔ እንደምጠራለት በየቦታው እያሳረፈ መለሰ። ስቤ ጠረግሁ፣ ከተትሁ፣ አወጣሁ። ቀይ ነው፤ ምልክቱ ላይ ነው። እንድሪስ ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ ዘንጉን ከእጄ ወሰደና ለራሱ አየው።

"ልክ ነው?" አለኝ።

"ልክ ነው።"

ዘንጉን መለሰልኝ። "እስቲ አንድ ጊዜ ደግመን እንየው" አለና ተመልሶ መሪው ላይ ተቀመጠ።